ኮምጥጧል ያሉት ጠላ

አማኑኤል ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ወንዙ በሚወርደው የኮረት መንገድ አጋማሽ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት አለ። ጣሳው ጠላ ቤት መሆኑን ያመለክታል፤ የእትዬ ሙላቷን ጠላ የፈለገ ሰው ግን ጣሳ አይቶ አይደለም የሚመጣው። ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጭሱ እስከ መኪና መቆሚያው ይደርሳል። ያን ጊዜ ሰው ሙላቷ ሊጠምቁ ነው ብሎ ቀን መቁጠር ይጀምራል። በገበያ ቀን ግቢው ፈረስ በፈረስ ይሆናል። ጨዋታው ሞቅ ሲል ከገበሬዎቹ አንዱ ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ግጥም ያወርዳል፦

የሙላቷን ጠላ አንድ ብቻ ብሎ፣
ፈረሱ ቤት ገባ ጌታውን እዚያ ጥሎ።

ሳቁ ሲያባራ ሙላቷ ከጓዳ ሆነው አንድ ነገር ይላሉ፤ ሁልጊዜም ያንኑ ነው። ምስጋናውን ለእኔ ሳይሆን ለደፋሁት ጠላ ስጡት፣ ያስተማረኝ እሱ ነው ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ያጠፉትን ጠላ ሁሉ ከነቀኑ ያስታውሱታል። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ደብረ ኤልያስ አጠገብ ሲዳሩ እናታቸው ሞተው ነበርና መጥመቅ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ጋን ባልደረቀ እንጨት አጠኑት። የባላቸው አባት ጣሳውን ሳያቋርጡ እስከ ዝቃጩ ጠጡና አፋቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ጭሱን ጠጣሁት፤ ጠላውን መቼ ነው የምታመጪልኝ?» አሏቸው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሙሽሪት ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በሁለተኛው ጌሾ ሰሰቱ፤ ጠላው እንደ ብርዝ ጣፍጦ በሦስተኛው ቀን ተበላሸ። ሦስተኛው ጋን ለማኅበር ተራቸው ነበር። ድፍድፉ፣ ውሃ ገና ያልተከለሰበት ወፍራሙ፣ በሚገባ ደርሷል። እሳቸው ቸኮሉና ማኅበርተኛው ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ውሃውን ከለሱበት። በቀኑ ጋኑ ሲከፈት የወጣው ኮምጣጤ ነው። ድፍድፍ ታጋሽ ነው፤ አፉ ተለስኖ ወር ሙሉ ይቀመጣል። ውሃ የነካው ጠላ ግን ማንንም አይጠብቅም። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ማኅበርተኛው ፊቱን ሲያጨማድድ ከፊቱ ላይ አነበቡት።

ባላቸው አንሙት አንድ ወንድ ልጅ ትተውላቸው ሞቱ። ሙላቷ ልጁን አዝለው አማኑኤል ገቡ፣ ቤት ተከራዩ፣ ጣሳ ደፉ። እንዳላማውን ያሳደገው ጠላ ነው፤ ትምህርት ቤት የላከው ጠላ ነው፤ መንጃ ፈቃዱንም ያወጣለት ጠላ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። ሳምንቱን በመንገድ ከርሞ በየእሑዱ ይመጣል፤ እናቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ከዕለታት አንድ ቀን ደምበጫ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ፈገግታዋ ቀድሟት የሚመጣ ልጅ አየ። የኔአለም ትባላለች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ጠላ ሲያስፈልግ በጀሪካን ከጎረቤት የሚገዛበት ቤት ነው ያደገችው። አገባትና ከእናቱ ጋር አስቀመጣት። ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው።

ሙላቷ ለልቅሶው አስለቃሽ አላስጠሩም። ራሳቸው ወጡ። ያን ቀን ያወረዱትን ግጥም አማኑኤል ውስጥ ዛሬም በቃሉ የያዘው አለ፦

ገብስስ አፈር ለብሶ ደግሞ ይበቅላል፣
ልጄ አፈር ለብሶ ምነው ዝም ይላል።

ከአርባው በኋላ የየኔአለም አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ገና ልጅ ናት፣ የሚያስቀራት ፍሬ እንኳ የለም፣ ቤቷ ትመለስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ። ሙላቷ ጠላ ሊያመጡ ጓዳ ገቡና ጋኑ አጠገብ ጣሳ እንደያዙ ሳይቀዱ ቆሙ። ከወዲያ የልጅቱ ድምፅ መጣ። ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ እማማን ብቻቸውን አልተዋቸውም አለች። ሙላቷ ጣሳውን ሞልተው ወጡ። ሙት ዓመቱም አለፈ፤ ነገሩን ያነሳው ሰው የለም።

ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት፣ አንድ ሰው በጎደለበት ቤት፣ እየተጠባበቁ መኖር ጀመሩ። ሙላቷ ዓይናቸው ስለደከመ ምስር የምትለቅምላቸው የኔአለም ናት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ተቀብላ የምታጥፈው እሷ ናት። እሷ ስትታመም ደግሞ ሙላቷ ገበያውን ትተው ራስጌዋ ይውላሉ። ስለ እንዳላማው ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ብቻ አንዷ ሳታስበው ስሙን ትጠራለች፣ ሌላዋ ቀና ትላለች፣ ከዚያ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን የኔአለም ጠላ አስተምሩኝ አለች። የአባቷን እጅ እያየች መኖር እንደማትፈልግ፣ የሙላቷንም ጉልበት እየበላች መቀመጥ እንደከበዳት፣ በእጇ ሠርታ መኖር እንዳማራት ተናገረች። ሙላቷ ደስ አላቸው። የደስታቸው ትልቅነት ራሳቸውን አስደነገጣቸው።

የኔአለም የትምህርት ቤት ልጅ ናትና ደብተር ገዛች። ስንት ጣሳ ጌሾ፣ ስንት ጣሳ ብቅል፣ ስንት እንስራ ውሃ፣ ሰማዩ ደመና ይሁን ፀሐይ፣ ሁሉን ትጽፋለች። ሙላቷ ይስቁባታል። ጠላ በደብተር አይጠመቅም፣ ኋላ ደብተሩ ይሰክርብሻል ይሏታል።

የመጀመሪያ ጥፋቷ ቂጣው ላይ ነበር። ከምጣዱ አውጥታ፣ ጣቷን እፍ እያለች፣ ትኩሱን ቆራርሳ ጥንስሱ ውስጥ ጨመረችው። ጥንስስ የጌሾና የብቅል ውሃ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሲብላላ ጆሮውን ላስጠጋ ሰው ያንሾካሹካል። በማግሥቱ ሁለቱም ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ለጠፉ። ጋኑ ዝም አለ። ሙላቷ፣ «ገደልሽው» አሏትና ጥንስስ እንደ ጨቅላ ነው፣ ለብ ያለውን እንጂ የሚፋጀውን አይችልም ብለው አስረዷት። ደብተሩ ላይ «ስህተት አንድ፦ ትኩስ ቂጣ» ተብሎ ተጻፈ።

ሁለተኛው ብቅሉ ነው። ክረምት ነበር። ገብሱን ነክራ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቆንጆ አድርጋ አበቀለችው። ፀሐይ ስለጠፋ ግን በወጉ ሳይደርቅ አስፈጨችው። ጠላው የሻገተ ነገር ሽታ ይዞ ወጣ። «ስህተት ሁለት፦ ያልደረቀ ብቅል።» ሙላቷ ደብተሩን አስነብበው ሰሙና፣ ይህን እንኳ እኔም አጥፍቼው አላውቅ፣ በዚህስ በለጥሽኝ አሉ። የኔአለም ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እንዳላማው ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲስቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛውን የጠመቀችው በሁዳዴ ነው። ከመከፈቱ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ከደብረ ማርቆስ ወሬ መጣ። የአክስቷ ልጅ መክሊት እዚያ ትኖራለች። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ከነግቢው እንደተገኘ፣ ለጠላ ቤት የሚመች እንደሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ መግባት እንደሚቻል በስልክ ነገረቻት። የኔአለም ይህን ለሙላቷ ስትነግራቸው መቀመጥ አቃታት። ደብረ ማርቆስ እኮ ሩቅ አይደለም እማማ፣ በየእሑዱ እመጣለሁ፣ ሲደክምዎ ደግሞ እርስዎ እኔ ጋ ይጠቃለላሉ አለች። ብቻ ጠላዬ ይውጣልኝ፤ እርስዎ ቀምሰው ደርሷል ካሉኝ እሄዳለሁ፣ ካላሉኝ አልሄድም አለች።

ሙላቷ እግዜር ያሳካልሽ አሉ። ከአንጀታቸውም ነበር ያሉት። ያን ሳምንት ሙሉ ግን በየእሑዱ የሚለው ቃል ውስጣቸው እየተገላበጠ ከረመ። እንዳላማውም በየእሑዱ ነበር የሚመጣው።

ጋኑ የተከፈተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የኔአለም አንድ ጣሳ በወንፊት አጥልላ ቀዳችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሙላቷ መጀመሪያ አሸተቱ። ወይራው አለ፣ ግን አይጮህም። ከዚያ ተጎነጩ። ጌሾው ከምላስ ጫፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ የተቆላው እህል ተከተለው፤ ሲዋጥ ጉሮሮን ሳይጎትት አለፈ። ካለፈ በኋላም ጣዕሙ እንደ ደህና እንግዳ ሊሰናበት ተመለሰ። አርባ ዓመት ጠምቀዋል። እንዲህ ያለ ጠላ ከራሳቸው እጅ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ቢበዛ ሦስት።

የኔአለም ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ጣቶቿን አቆላልፋ ይዛለች።

«ኮምጥጧል» አሉ።

ቃሉን እሳቸውም የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

የኔአለም ጣሳውን ተቀብላ ቀመሰችና፣ ለእኔ ግን ደህና መሰለኝ እማማ አለች፤ እየፈራች። ሙላቷ ምላስሽ ገና አልተገራም አሏት። ዛሬ አይታወቅሽም፣ ነገ ይብስበታል፣ ሰው ፊት አቅርበሽው ከምታፍሪ አሁን ይደፋ አሉ። ያ ሁሉ የአርባ ዓመት እውቀት ለአንድ ውሸት ምስክር ሆኖ ቆመ። ልጅቱ አመነቻቸው። ለምን አታምናቸው? በአማኑኤል ከተማ በጠላ ነገር ከሙላቷ ምላስ በላይ ዳኛ አልነበረም።

ጠላው በጓሮ ወደ ቦዩ ተደፋ። የጎረቤታቸው የአመተ ማርያም ዶሮዎች መጥተው ጠጡና አውራው አጥሩ ላይ ልውጣ እያለ በጀርባው ይወድቅ ጀመር። አመተ ማርያም ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ ይኼ ዶሮ በእኔ ጠላ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ምን ያለ ነገር ነው የምትደፉት ብላ አፌዘች። የኔአለም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ሙላቷ ቆመው ማየት ስላልቻሉ ወደ ቤት ገቡ። የእግዜርን እህል ሳይበላሽ መድፋት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በርበሬ አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉ፣ ሥራ አጡ።

በኋላ የኔአለም ደብተሯን ይዛ መጣችና የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው አለቻቸው። ሙላቷ ምናልባት ጌሾው አሉ። ምናልባትም ውሃው። ደብተሩ ላይ «ስህተት ሦስት» ተባለና ቀሪው ባዶ ሆነ።

መክሊት ቤቱን እስከ ሰኔ አስጠብቃላት ነበርና አራተኛ ጋን ተጀመረ። በዚያኛው የኔአለም ሰው የሚያዝንላትን ያህል ደከመች። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ አጠበችው። ውሃውን ከቧንቧው ትታ ከታች ካለው ምንጭ አመላለሰች። ብቅሉን ስድስት ቀን ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ቂጣው ድንጋይ እስኪመስል ቀዘቀዘ። ሙላቷ ከጎኗ ተቀምጠው ያያሉ፤ የሚያርሙት ነገር የላቸውም። ያን ሰሞን ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ለኪዳነ ምሕረት ቃል ገቡ። በዚህኛው እውነቱን እነግራታለሁ፣ ትሂድልኝ አሉ።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ወደ ጓዳ ሲገቡ አንድ ማዳበሪያ ከግድግዳው ተደግፎ አዩ። የኔአለም ልብሷን አጥፋ፣ ጫማዋን ከላይ አድርጋ፣ አፉን በገመድ አስራ ጨርሳለች። አልጋዋ ላይ የቀረው አንሶላው ብቻ ነው። ሙላቷ ያን ማዳበሪያ ሲያዩ የልጃቸው ልብስ ከአደጋው ቦታ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የመጣበት ቀን ፊታቸው ድቅን አለ።

ጣሳው ተሰጣቸው። ከሦስተኛውም ይበልጥ ነበር።

«አሁንም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሁለተኛው ጊዜ መዋሸት ከመጀመሪያው ቀለላቸው። ከሁሉ ያስፈራቸው እሱ ነው።

የኔአለም አላለቀሰችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ በጣቷ መስመር በመስመር እያስኬደች አነበበች። እስከ እኩለ ቀን አነበበች። ከዚያ ዘጋችው።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ስህተት የለም» አለች። «ሦስት ጊዜ አየሁት። ስህተቱ እኔ ነኝ።»

ጠላ እጅ ይመርጣል የሚባል ነገር አለ። አንዳንዱን እጅ እህሉ ይወደዋል፣ አንዳንዱን ይጠላዋል ይላል ሰው፤ አመተ ማርያምም ስትጫወት ደጋግማ ብላዋለች። የኔአለም እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ሙላቷ ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ያሉት ግን ሌላ ሆነ፤ አትቸኩይ ልጄ፣ እጅም ይለመዳል፣ ጊዜ አለን አሉ። ጊዜ አለን የምትለዋ ነገር አፋቸው ላይ ጣፈጠቻቸው።

አራተኛውም ጋን ወደ ቦዩ ተደፋ፤ የማዳበሪያው ገመድ ተፈታ። የደብረ ማርቆሱ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ደብተሩ እሳት ማያያዣ ሆኖ አለቀ። ሁለት ሳምንት ሙላቷ እንደ ሙሽራ ሰነበቱ። ከጎረቤት ቅቤ ገዝተው ፀጉሯን ቀቡላት፤ ሹሩባ ራሳቸው ሠሩላት፤ ጌሾ ሲወቅጡ ያንጎራጉራሉ። አመተ ማርያም እትዬ ሙላቷ ምን አግኝተው ነው ብላ ብትጠይቅ ምንም አሉ።

በሐምሌ መጀመሪያ የኔአለም ለዓረብ ሀገር እንደተመዘገበች ነገረቻቸው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መክሊትን ልጠይቅ ብላ ደብረ ማርቆስ ሁለት ጊዜ የተመላለሰችው ለወረቀቱ ነበር። የምትሄደው ሪያድ ነው፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና። ሙላቷ ምን አጥተሽ አሏት።

«ምንም አላጣሁም እማማ» አለች። «እጄ ለእህል ካልሆነ ለሰው ወለል ይሆናል።»

ወረቀቱ እስኪያልቅ ወራት ፈጀ። ሥልጠና ገባች፣ ምርመራ ገባች፣ ፓስፖርት ጠበቀች። ሙላቷ ያ ሁሉ ቀን ነበራቸው። በየማለዳው ዛሬ እነግራታለሁ ብለው ይነሳሉ፤ በየምሽቱ ሳይነግሯት ይተኛሉ። ስንፍና አልነበረም፤ ሂሳቡን በልባቸው ሠርተውት ነበር። ብትሰማ ደብረ ማርቆስ ትቀራለች፤ ለእሳቸው ግን አትቀርም። ካልሰማች ሪያድ ትሄዳለች፤ እየወደደቻቸው ግን ትሄዳለች። ከሁለቱ የትኛው ልጅቱን እንደሚጠቅማት ያውቁ ነበር። የመረጡት ለራሳቸው የሚጠቅመውን ነው። ይህን ከዚያ በኋላ ለራሳቸው ሸፋፍነው አያውቁም።

የሄደች ቀን ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል አስፋልቱ ዳር ቆሙ። የቸኮለ ማንም አልነበረም፤ ንግግራቸውን ያቋረጠ ማንም አልነበረም። ስለ ሽሮው አወሩ፤ በርበሬው እንዳይፈስ ሁለት ላስቲክ እንደተደረገለት አወሩ። እዚያ ብርድ የለም አሉ፣ ነጠላዬን ለምን ትወስጃለሽ አሏት። የእርስዎን ሽታ ይዟል አለች። ረዳቱ ሞላ ብሎ ሲጣራ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሙላቷ ግንባሯን ሳሙ። መኪናው ከታጠፈም በኋላ ቆመው ነበር።

ቤቱ መጥመቁን ቀጠለ። ምን ያድርጉ? በየገበያው ሰው ይመጣል፣ ፈረስ ይታሰራል። አንድ ቀን ጌሾ እየወቀጡ ያወረዱትን ግጥም ሰዎች በበር ሰሙ፦

ጌሾው ቢመር እንኳ ጠላ ያደርጉታል፣
የእኔን ክፉ ቃል ግን በምን ያጣሩታል።

ግሩም ነው፣ እስኪ ይድገሙት አሏቸው። ለልጃቸው ይመስላቸዋል። አልደገሙትም።

በተከታዩ ዓመት በፍልሰታ ጾም ለነፍስ አባታቸው ለአባ አካለ ወልድ ተናገሩ። ጓሮ ቦዩ ውስጥ ከፈሰሰው ጀምረው ሁሉንም አወጡት። ስግደት ይሰጡኛል፣ ጾም ይጨምሩብኛል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ይህንንም ሳይፈልጉት አልቀሩም። አባ አካለ ወልድ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ንስሐሽ ለእሷ መንገር ነው አሏቸው። ፈጣሪ ቀድሞ ያውቃል፣ እሷ ግን ካልነገርሻት በምን ታውቃለች አሉ።

የኔአለም የምትደውለው አርብ አርብ ነው። በሚቀጥለው አርብ ሙላቷ ስልኩን ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጡ። ስትደውል እንደ ልማዷ ስለ ዓይናቸው ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀች። ሙላቷ አቋረጧት።

«የኔዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ነው። ጠላሽ አልኮመጠጠም ነበር። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከእኔም ይበልጡ ነበር። እንዳትሄጂብኝ ዋሽቼሽ ነው።»

ሙላቷ መሰደብ ቢመጣ፣ ልቅሶ ቢመጣ፣ ስልኩ ቢዘጋ ሁሉንም ተዘጋጅተው ነበር። የመጣው ግን ለስላሳ ሳቅ ነው።

«እማማ፣ እኔን ሊያጽናኑኝ ብለው ነው አይደል?» አለች። «ባለፈው ከፍቶኛል ስላልኩዎ።»

«አይደለም ልጄ፤ እውነቱን ነው የምልሽ።»

«ይተዉት እማማ። እርስዎ ውሸት ቢፈልጉም አይችሉበትም። ያኔ እንኳ ከሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ነው እቅጩን የነገሩኝ።»

ሙላቷ በኪዳነ ምሕረት ማሉ።

«አይማሉ፤ በእኔ የተነሳ ኃጢአት ውስጥ አይግቡ» አለቻቸው፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ነገሩን ለማለሳለስ ብላ ይመስላል፣ በምትሠራበት ቤት ውስጥ ስለሚጠጡት ነገር አወራች። የገብስ ነው፣ በጣሳ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ አያሰክርም አለች። ለእንግዶቹ ስትከፍተው ብቅል ብቅል ሸቷት ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ቆማ እንደነበር ነገረቻቸው። ቀምሳው ግን አታውቅም፤ አላሰኛትም። እመቤቲቱ እየጠራቻት ነበርና ተሰናበተቻቸው።

ሙላቷ በቀጣዩ አርብም ነገሯት፤ ከዚያ በኋላም። በየጊዜው ትስቃለች፣ በየጊዜው ታመሰግናቸዋለች። እርስዎ እንዲህ ስለሚሉኝ ነው ሳምንቱን የምችለው ትላቸዋለች። ሁለት ጊዜ ዋሽተዋት ሁለቱንም አምናለች። እውነቱን የሚያስረዳላቸው ምስክር ቢፈልጉ የሁለቱ ጋን ጠላ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በገዛ ትእዛዛቸው ተደፍቷል፤ ከእሳቸውና ከእሷ በቀር የቀመሰው ሰው የለም። ለአባ አካለ ወልድ ነገርኳት፣ አላመነችኝም ብለው ነገሯቸው።

አሁን እትዬ ሙላቷ ጋን ሲከፍቱ ራሳቸው አይቀምሱም። የመጀመሪያውን ጣሳ ይቀዱና በአጥሩ በኩል አመተ ማርያምን ይጠሯታል። ሰው እርጅና ምላሳቸውን ወሰደባቸው ይላል፤ እሳቸውም አዎ ወሰደብኝ ይላሉ። አመተ ማርያም በነጠላዋ እጇን ጠርጋ ትቀበላለች፣ ትጎነጫለች፣ ግሩም ነው እትዬ ሙላቷ ትላለች።

«እውነትሽን ነው?» ይሏታል።

እውነቴን ነው ትላለች። ጣሳውን አይቀበሏትም፤ ዓይን ዓይኗን እያዩ እንደገና ይጠይቋታል።